ከላይኛው መደርደሪያ የወረዱ ሦስት ድስቶች

በመርካቶ ውስጥ ድስትን በጆሮው የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ድስቱን ግልብጥ አድርጌ በጣቴ አንጓ አንዴ ኳ ካደረግሁት፣ ውፍረቱን፣ ዕድሜውን፣ የቀለጠው ብረት ድሮ የየትኛው ሎንቺና አውቶቡስ ፒስተን እንደነበር ሳይቀር እነግራችኋለሁ። ዓይኔን በጨርቅ አስራችሁ ሃያ ድስት ብትደረድሩልኝ፣ መካከል ላይ ያለችውን ለይቼ «ይቺን ልጅ ጉንፋን ይዟታል፣ ጆሮዋ ሥር ተሰንጥቃለች» እላችኋለሁ። ከአንዋር መስጊድ ወረድ ብላ ባለችው ሱቄ ከሃያ ዓመት በላይ ድስት ሸጫለሁ። የሸጥኳቸው ቢደራረቡ ሚናራውን አልፈው ደመና ይበሳሉ ብል የሚከራከረኝ ጎረቤት የለም። ቢከራከሩኝም አልሰማም።

ታላቅ እህቴን ያስቀበረኝ ይኸው ጆሮ ነው።

ቀልድ የለመደ ሰው መከራው ይህ ነው፤ ቁም ነገር ሲያወራም ሰው ጥርሱን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እህቴ አሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ዳዴ የምል ነበርኩ፤ በጀርባዋ ያዘለችኝ፣ ያጎረሰችኝ፣ ስዋሽ በጥፊ ያለችኝ እሷ ናት። ጥፊው ብዙም እንዳልሠራ ታያላችሁ። ሰባተኛ ሰፈር ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች አንድ ክፍል ቤት ትኖር ነበር። ከደጇ ላይ ቆርቆሮ ዘርግታ፣ ከሥሩ ሁለት የከሰል ምድጃ ጥዳ፣ ለኩሊዎች ሽሮ ትሠራ ነበር። ሠላሳ ዓመት። የመርካቶን ጭነት በጀርባቸው የሚያመላልሱ ሰዎች ቀትር ላይ መጥተው አግዳሚው ላይ ይደረደራሉ፤ እሷ ስታቀርብ አፋቸውን ይዘጋሉ፣ ሲጠግቡ ይመርቋታል። «ልጆቼ» ትላቸው ነበር። ከእሷ የሚበልጡትንም ጭምር።

ሠላሳ ዓመት ከሰል ላይ የጎነበሰ ሰው ሳንባው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሳሏ ከእሷ ቀድሞ ሱቄ ይደርስ ነበር። ከበርበሬ ተራ ጀምሮ ይሰማኛል፤ ወንበር አስተካክዬ፣ ውሃ ቀድቼ ስጨርስ እሷ ትደርሳለች። እኔም እስቃለሁ፣ እሷም ትስቃለች፣ ሳቋ ደግሞ ወደ ሳል ይዞራል።

አንድ ቀን ሳሏ አልቆም ሲል ልጇና እኔ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። የሳንባዋን ራጅ ወደ ብርሃን አንስታ ብዙ አየችው።

«እማማ፣ ከሰል አጠገብ ስንት ዓመት ኖሩ?»

«አይ ልጄ፣ ከሰሉ ነው እኔ ዘንድ የኖረው» አለች እህቴ።

እኔ ሳቅሁ። ሐኪሟ አልሳቀችም። «ከዛሬ ጀምሮ ጭስ የሚባል ነገር የለም። ከሰልም፣ እንጨትም። ሳንባዎ ከዚህ በኋላ አይችልም። አንዴ ቢታፈኑ እዚህም አይደርሱም።»

«ልጆቼስ ምን ይብሉ?»

ሐኪሟ ስለ ልጇ የጠየቀች መስሏት ወደ እህቴ ልጅ ዞረች። እኛ ግን ገብቶናል። እህቴን ሽሮ መሥራት ተዪ ማለት ሙቺ ማለት ነበር። ስለዚህ አንድ መንገድ ብቻ ቀረ፤ ያለ ጭስ ትሥራ።

ልጇ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ የምትኖረውም ራቅ ብላ ነው፤ እሑድ እሑድ ትመጣለች። በሳምንቱ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛችላት። ሁለት ጥቁር፣ ክብ፣ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ብረት ያለው። ከዚያ ከካርቶኑ ያገኘችውን ወረቀት ይዛ ወደ ሱቄ መጣች።

«ጋሼ፣ ድስቱን እርስዎ ይምረጡላት። መቀመጫው ጠፍጣፋ ይሁን ይላል ወረቀቱ።»

«ወረቀት ነው እኔን ድስት የሚያስተምረኝ?»

«አይ፣ ምድጃውን የሸጠልኝ ሰውዬም እንደዚያ ብሎኛል። የድስቱ ቂጥ ብረቱን ሙሉ በሙሉ ካልነካው አያበስልም አለ።»

«ሰውየው የሚሸጠው ምንድን ነው?»

«ምድጃ።»

«እንግዲያው ስለ ምድጃ ያውራ። እኔ ስለ ምድጃ አውርቼበት አውቃለሁ?»

የፊት ለፊቱ ባለሱቅ ከጨርቅ ጣቃዎቹ መካከል ሳቀ። ሰው ከሳቀልኝ እኔ አበቃልኝ፤ በሽታዬ ነው። ወረቀቱን ከእጇ ተቀብዬ፣ እሷ እያየች፣ ለአንዲት ደንበኛ የሸጥኩትን ብርጭቆ ጠቀለልኩበት። ሳቁ ጨመረ። የእህቴ ልጅ አልሳቀችም።

«ለእናትሽ የሚሆነው እዚህ ታች ያለው ተራ ነገር አይደለም» አልኳትና መሰላሉን አቆምኩ። ወጣሁ። ከላይኛው መደርደሪያ ሦስት ድስት አወረድኩ፤ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ። ምን አለሽ ተራ ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጠው የተሠሩ፣ ወፍራም፣ ሆዳቸው የተነፋ፣ እንደ ባለርስት ያበጡ። አቧራቸውን በጨርቅ ጠርጌ፣ ትልቁን ግልብጥ አድርጌ ኳ አደረግሁት። ድምፁ እንደ ደወል ሄዶ ሄዶ ተመለሰ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አለች፤ ምን እንደሰማች ግን አልገባትም።

እኛ ዘንድ ድስት የሚመረጠው እንዲህ ነው። መገልበጥ፣ መኳኳት፣ በእጅ መመዘን። ከከበደና ድምፁ ከጠራ ያለቀለት ነው። እንዴት ይቀመጣል ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ከሰል ላይ የማይቀመጥ ድስት የለማ። ፍሙ ውስጥ ሰመጥ ይላል፣ እሳቱ በሆዱ ዙሪያ ይወጣል፤ እንዲያውም ሆዱ ክብ ሲሆን ይሻላል። ለሠላሳ ዓመት ድስት የገዛ ሁሉ እንደዚህ ገዝቷል፣ የሸጠም እንደዚህ ሸጧል።

ድስቶቹን ለኩሊ አልሰጠሁም፤ በራሴ ትከሻ ተሸክሜ ሰባተኛ ድረስ ሄድኩ። አግዳሚው ላይ የነበሩት ተቀባበሉኝ።

«ጋሼ፣ እንጀራችንን ሊዘጉብን ነው እንዴ?»

«እናንተማ ጤፍ ነው የምትሸከሙት፤ እኔ የተሸከምኩት ክብር ነው!»

እህቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ልጇ ቀድማ ነግራታለች፤ መሰላል ወጥቶ ከላይ ነው ያወረደልሽ ብላታለች። ድስቶቹን አንድ በአንድ ተቀብላ ሳመቻቸው። እውነቴን ነው፣ ሳመቻቸው። ከዚያ ትልቁን አዲሱ ምድጃ ላይ አስቀመጠችው።

ተወዛወዘ።

በአንድ ጣቷ ጆሮውን ያዝ አደረገችውና ወደ እኔ አየች። ሠላሳ ዓመት ድስት የጣደች ሴት ናት። አሁን ሳስበው፣ ያኔውኑ ሁሉም ነገር ገብቷታል። እኔ ግን አፌ ቀደመኝ።

«እንግዳ ስለሆነ አፍሮ ነው። ሲሞቅ ይረጋል።»

ሳቀች፣ ሳቋ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ሲለቃት ዓይኗን ጠርጋ፣ «ይረጋል» አለች።

እኛ ቤት ወንድም ያመጣውን እህት አታነውርም። ጨው ነው ብሎ ስኳር ቢያመጣ ወጥ ውስጥ ትጨምረዋለች። እህቴ ደግሞ በዚህ ነገር የባሰች ነበረች፤ በልጅነቴ ከሳልባጅ ተራ የገዛሁላትን፣ ሁለቱም የግራ እግር የሆነ ጫማ አንድ ክረምት ሙሉ አድርጋዋለች።

ከዚያ በኋላ ወደ ሁለት ወር ገደማ ዓለም ሰላም ነበር፤ ቢያንስ እኔ በምኖርበት ዓለም። በሳምንት አንዴ ሁለቴ እሄዳለሁ። ስሄድ በዝምታ የምሄድ ሰው አይደለሁም። ገና ከመንገዱ መግቢያ ጀምሮ እየጮህኩ፣ ይሄን እየነካሁ ያንን እየሰደብኩ ነው የምገባው። እሷ ሳሏ እንደሚቀድማት እኔም ድምፄ ይቀድመኛል። ስደርስ ድስቱ ምድጃው ላይ ተቀምጧል፣ ውጪው እንደ መስታወት ተፈግፍጎ ያበራል፣ ውስጡ ሽሮ ይንተከተካል። ጎርሼ እመሰክራለሁ።

«እትዬ፣ ቤቱ ከሰል ከሰል ይላል።»

«ግድግዳው ነዋ። ሠላሳ ዓመት የጠጣውን በአንድ ቀን ይትፋልህ?»

ጥሩ መልስ ነበር። እኔ ራሴ ልመልሰው የምችለው ዓይነት። ስለዚህ አመንኩ። መስኮቱ ላይ የተሰገሰገውን ጨርቅ አይቼ ብርድ ፈርታ ነው አልኩ። ከደጁ ቆርቆሮ ሥር የነበሩት የከሰል ምድጃዎች አለመኖራቸውን አይቼ ደግሞ ደስ አለኝ። ሱቄ ውስጥ አንዲት ሴት «ይሄ ለኤሌክትሪክ ይሆናል?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ «እህቴ ለመቶ ኩሊ በአምስት ደቂቃ ሽሮ የምታደርሰው በዚህ ነው፤ ሰባተኛ ሂጂና እዪ!» እል ነበር። መቶ ኩሊ አልነበራትም። አምስት ደቂቃም አልነበረም።

አንድ ዓርብ ቀትር ላይ፣ መንገዱ ለሶላት ስለሚዘጋ ሱቄን ገርበብ አድርጌ ቆሜ ሳለ፣ ከደንበኞቿ አንዱ፣ ጢሙ የሸበተ ኩሊ፣ እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ እማማ ወድቀዋል።»

ሮጥን። ሮጥን ስል ሃምሳ እርምጃ ያህል ነው። ዓርብ ቀትር አንዋር አካባቢ መንገድ የለም፤ ሰው ነው መንገዱ። ምንጣፍ የዘረጋ፣ ካርቶን የዘረጋ፣ ጋቢውን ያነጠፈ፣ ከመስጊዱ በር ጀምሮ እስከ ሱቆቹ ደረጃ ድረስ በረድፍ ቆሟል። በዙሪያ እንሂድ ብለን ብንዞርም ያው ረድፍ ገጠመን። የሚጸልይ ሰው አይረገጥም፣ ፊቱም አይታለፍም። ቆምን።

መርካቶ ዝም የምትለው በሳምንት አንዴ፣ ያኔ ብቻ ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ዝም ማለት የማላውቀው ሰው፣ አፌን ዘግቼ ቆምኩ። ኩሊው ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ ማንሾካሾክ ጀመረ።

«እንዳትናገሩ ብለውን ነው እንጂ ጋሼ… ያ ምድጃ ላይ ድስቱ አያበስልም።»

«ምን አልክ?»

«ቂጡ ብረቱን የሚነካው እዚህ ጋ ብቻ ነው» አለና የአውራ ጣቱን ጥፍር አሳየኝ። «መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን፤ ሽሮው ጥሬ ነበር፤ በላነው። ሁለተኛው ቀን ግማሾቻችን ሥራ አመለጠንና ሌላ ቤት ሄድን። በሦስተኛው ቀን እማማ የከሰል ምድጃውን ከአልጋ ሥር አወጡት።»

«ውስጥ? ቤት ውስጥ?»

«ውጪ ቢሆን ጎረቤት ያያል፤ ለልጃቸው ይነግራል። ስለዚህ በሩን ዘግተው ነው የሚሠሩት። የእርስዎ ድምፅ ሲሰማ ድስቱን ፈግፍገው ኤሌክትሪኩ ላይ ያወጡታል። ከሰሉን እኛ ይዘን በጓሮ እንወጣለን።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ወንድሜ ያፍራል አሉ።»

ረድፉ በአንድነት ጎነበሰ፣ ተነሣ፣ ተደፋ። ያን ያህል ረጅም ጊዜ በሕይወቴ ቆሜ አላውቅም። አንድ አዛውንት ከሶላታቸው ሲነሡ ፊቴን አይተው፣ ገና ምንጣፋቸውን ሳይጠቀልሉ፣ «አሳልፉት፣ አሳልፉት» ብለው ሰውን በእጃቸው ከፈሉልኝ።

ስንደርስ ደንበኞቿ በሩን ገንጥለውታል። እህቴን ደጅ፣ የተቀደደ ማዳበሪያ ላይ አስተኝተዋታል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ትተነፍሳለች፤ ግን እንደ ተበሳ ኳስ ነው የምትተነፍሰው። ታክሲ እስኪመጣ ወደ ውስጥ ገባሁ። ጭሱ ገና አልወጣም። የከሰሉ ምድጃ መሬት ላይ፣ ትልቁ ድስቴ ፍሙ ውስጥ ሰመጥ ብሎ ተቀምጧል። ያን ቀን የሚፈገፍገው አልነበረም፤ ሆዱ በጥላሸት ጥቁር ነው። አጠገቡ የኤሌክትሪኩ ምድጃ ከፋብሪካ እንደወጣ ያበራል። ከሁለቱ ብረቶች በአንዱ መካከል ላይ ብቻ የተቃጠለ ነጥብ ነበር። የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች።

ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኛች። ኦክስጅኑን አፏ ላይ አድርገውላት ቀልድ ላመጣላት ብዬ በየቀኑ እየሄድኩ ምንም አላመጣሁም። አንድ ቀን ጭምብሉን በሁለት ጣቷ ከፍ አደረገችው።

«አንተ ቀልማዳ። ዛሬ ደግሞ ምነው ዝም አልክ?»

«እትዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም? አይሆንም ብትይኝ በዚያው ቀን ሌላ አመጣልሽ አልነበር?»

«ድስትህ ደግ ነው። ምድጃው ነው ያልቻለው።»

«እትዬ…»

«ደግሞስ መሰላል ወጥተህ ያወረድክልኝን ድስት እንዴት ብዬ ነው አይሆንም የምልህ?»

ይቺን ለመናገር ሦስት ጊዜ ዕረፍት ወሰደች። ከዚያ ጭምብሉን መለስኩላት። በሳምንቱ ሞተች። ሬሳዋን የተሸከሙት ደንበኞቿ ነበሩ፤ ማንም ሌላ ሰው ትከሻውን ሊያስገባ ቢሞክር አልፈቀዱም። ያ ጢሙ የሸበተው ኩሊ በኋላ፣ «ከአንድ ኩንታል በታች ተሸክሜ አላውቅም ነበር፤ እማማ ግን ምንም አይመዝኑም» ብሎ አለቀሰ። የእህቴ ልጅ ለቅሶው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ አንድም ቃል አልወቀሰችኝም። ስለዚያ ወረቀት አላነሣችም። ብታነሣው ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ከአርባዋ በኋላ ትልቁን ድስት በጋዜጣ ጠቅልዬ ምን አለሽ ተራ፣ ወዳቀለጡት ሽማግሌ ሄድኩ። መዶሻና ብረት በሚንጫጩበት መካከል ተቀምጠው መቁረጫ በሞረድ ያሾላሉ። ነገሩን ስነግራቸው ድስቱን ገልብጠው አዩት። አላንኳኩትም። አንድ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አንሥተው ቂጡ ላይ አጋደሙት፤ በማስመሪያውና በድስቱ መካከል፣ በግራና በቀኝ፣ ብርሃን ያልፋል። በር የሚያህል ብርሃን።

«አየህ? አንተ ሰውዬ፣ ይሄ የከሰል ድስት ነው። ለኤሌክትሪክ ብለህ መቼ ነው ያዘዝከኝ?»

«ጋሼ፣ ሊስተካከል ይችል ነበር?»

«ይሄ? በሞረድ ቂጡን ደልደል አድርጌ… ግማሽ ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው።» ፊቴን አዩ። ከዚያ ማስመሪያውን ሰጡኝ። «ውሰደው። እኔ ሌላ አለኝ።»

ዛሬ ያ ማስመሪያ ሱቄ በር ላይ በሲባጎ ተንጠልጥሏል። ድስት ሊገዛ የመጣን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ላይ እንደሚጥደው ነው። ኤሌክትሪክ ካለ፣ ድስቱን ገልብጬ ማስመሪያውን አጋድማለሁ፤ ብርሃን ካለፈ አልሸጥለትም። የድስቱ ቂጥ ከምድጃው ብረት አይነስ፣ ክዳኑ ጥብቅ ይበል እላለሁ። ሸክላውን ለከሰል ይተውት፤ ለጥ ያለ ብረት ላይ ይሰነጠቃል። ብረቱ ሳይግል ድስቱን ብቻ የሚያሞቀው አዲሱ ዓይነት ምድጃ ከሆነ ደግሞ ከመሳቢያዬ ማግኔት አውጥቼ አስጠጋለሁ፤ ማግኔቱ ካልያዘው አይሆንም። ጎረቤቶቼ «ኢንጂነር» ይሉኛል። የድሮ ደንበኞች «እስቲ በጆሮህ ምረጥልን» ሲሉኝ ጆሮዬ ተደፍኗል እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ።

ምን ሆነህ ነው ለሚለኝ ሁሉ ጆሮዬ አታለለኝ፣ አለማወቅ ነው እላለሁ። ለእህቴ ልጅም ያልኳት ይህንኑ ነው። ለእናንተም እስካሁን ያወራሁት እንደዚያው ነው።

ግን አለማወቅ ብቻ አልነበረም። የእህቴ ልጅ ወረቀቱን ይዛ በመጣችበት ቀን፣ ቂጣቸው ለጥ ያለ ድስቶች ከክርኔ አጠገብ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ተደርድረው ነበር። እጄን ብዘረጋ ይበቃኝ ነበር። እነሱ ግን በየቀኑ ይሸጣሉ። ሆዳሞቹን ሦስቱን አራት ዓመት ሙሉ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። መሰላሉን የወጣሁት እህቴን ላከብር ብዬ አይደለም፤ የማይሸጠው ዕቃዬ እዚያ ላይ ስለነበረ ነው።